ጎፈሬ ምግብ አቆመብኝ፤ የአክሶሎትሉ ውኃ 26 ዲግሪ ገብቷል፣ ባሕር ዳር ያላችሁ ድረሱልኝ

የጣና ዳሯ
ሚያዝያ 9፣ ማታ 1፡10

ሰላም ቤቶች። መጀመሪያ አትሳቁብኝ፣ የጨነቀኝ ነገር ነው።

ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ሲማር ከአንድ ዓሣ ሻጭ አክሶሎትል ገዝቶ ነበር። ሥራ አግኝቶ ራቅ ሲል «ለሁለት ሳምንት ብቻ ያዥልኝ» ብሎ ባልዲ አስታቅፎኝ ሄደ። ይኸው ስድስት ወር ሞላው። ለማታውቁት፦ አራት እግር አለው፣ ጅራት አለው፣ መልኩ ፈዛዛ ሮዝ ነው፣ ከአንገቱ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ላባ የመሰለ ስንጥብ (የውኃ ውስጥ መተንፈሻው) አለው። ፀጉሩን ያላበጠረ ልጅ ይመስላል። ስሙን ጎፈሬ አልነው። የሰፈር ልጆች ከጌም ላይ ስለሚያውቁት ተሰልፈው ነው የሚያዩት።

እስከ የካቲት ምንም አልሆነም። አሁን ግን የባሕር ዳርን ሚያዝያ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትር ብከትበት 26 ዲግሪ አለ። ትል ከበላ ሁለት ቀኑ ነው። የስንጥቡ ጫፍ ወደ ፊት ታጥፏል። አንዳንዴ ሽቅብ ተንሳፍፎ ይቀራል። ገንዳው 60 ሊትር ነው፣ ሳሎን ቡፌ ላይ፣ መስኮቱ ሥር። መብራት ደግሞ ሳይጠፋ የሚውልበት ቀን የለም።

ምን ላድርግ? እናቴ «እኔ ቀድሞም ብዬ ነበር» ከማለት ሌላ መፍትሔ የላትም።

ቀበሌ 14
ሚያዝያ 9፣ ማታ 1፡22

ሎሚና ሚጥሚጣ አዘጋጂ። (ይቅርታ፣ ይህን የሚጽፍ ሰው ስለማይጠፋ ቀድሜ ልገላገለው ብዬ ነው።) ከምር ግን ዓሣ ነው?

አዴቴው
ሚያዝያ 9፣ ማታ 1፡30

በረዶ ጨምሪበት አለቀ። ምን ያስጨንቃል።

የጣና ዳሯ
ሚያዝያ 9፣ ማታ 2፡05

ከጁስ ቤት ሁለት ፌስታል በረዶ ለምኜ ጨመርኩ። በሩብ ሰዓት 22 ገባ። ግን ጎፈሬ አበደ! ከጥግ ጥግ እየተወረወረ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ አጋጨው። አሁን ጥግ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ገደልኩት እንዴ?

መምህር ከማርቆስ
ሚያዝያ 9፣ ማታ 2፡40

አልገደልሽውም፣ ተረጋጊ። ሁለተኛ ግን በረዶ በቀጥታ አትጨምሪ። አዴቴው ክፉ አስቦ አይደለም፣ ግን ሁለት ነገር ስቷል። አንደኛ፣ ያ በረዶ ከቧንቧ ውኃ የተሠራ ነው፣ ክሎሪን አለበት። የዚህ እንስሳ ቆዳ ስስ ነው፣ ውኃ ውስጥ ያለው ሁሉ ይገባበታል። ሁለተኛ፣ ሙቀቱ በሰዓት ከአንድ ዲግሪ በላይ ባይወርድ ጥሩ ነው። እሱ እንደ እኛ የራሱን ሙቀት አያመርትም። ውኃው 26 ከሆነ እሱም 26 ነው፣ ውኃው 22 ሲገባ እሱም 22 ይገባል። አራት ዲግሪ በሩብ ሰዓት ስታወርጂበት ልቡም ሆዱም አብረው ነው የሚደነግጡት።

ለቀበሌ 14፦ ዓሣ አይደለም። የእንቁራሪት ዘመድ ነው፣ ሳላማንደር ከሚባለው ወገን። ብዙ ሳላማንደሮች ሲያድጉ ስንጥባቸውን ጥለው ወደ ምድር ይወጣሉ። እሱ ግን በልጅነት መልኩ ውኃ ውስጥ ያረጃል። በደንብ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። ስለዚህ እታለም፣ «ሁለት ሳምንት» ያለሽ ወንድምሽ ሒሳብ አይችልም።

አሁን ዋናው ነገር። አገሩ ሜክሲኮ ነው፣ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ያለው የሶቺሚልኮ ሐይቅና ቦይ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2240 ሜትር ላይ ናት። ማርቆስ 2400 ገደማ ነው፣ ባሕር ዳር 1800። ገባሽ? ጎፈሬ ደገኛ ነው። የደጋ ሰው ወይና ደጋ አውርደሽ፣ እሱንም በሚያዝያ፣ መስኮት ሥር አስቀምጠሽዋል። የሚስማማው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው። 20ን ይችላል። 24 ካለፈ በሽታ ነው። ስንጥቡን ወደ ፊት ማጠፉ፣ መንሳፈፉ፣ ምግብ መተዉ ሁሉም «ሞቀኝ» ማለት ነው። ቋንቋው ይኸው ነው።

ዛሬ ማታ ምግብ አትስጪው። ገንዳውን ከመስኮቱ አርቂው። ነገ እመለሳለሁ፣ ፈተና እያረምኩ ነው።

እንጅባራ ነኝ
ሚያዝያ 9፣ ማታ 2፡51

ደገኛ ከሆነ ወደኛ ላኪው። እዚህ እንዲያውም ጋቢ ነው የሚያስፈልገው 😄

ሰከላ
ሚያዝያ 9፣ ማታ 3፡15

ምን አደከመሽ እህቴ፣ ጣና አጠገብሽ አይደል። ልቀቂው፣ ነፃ ይውጣ። ለሱም ለእናትሽም ሰላም ነው።

ጀልባ ነጂው
ሚያዝያ 9፣ ማታ 3：19

ሰከላ በእግዚአብሔር ይሁንብህ ይህን አትጻፍ። እኔ ከጣና ነው እንጀራ የምበላ። እምቦጭም ሲመጣ «አበባው ያምራል» ተብሎ ነበር። በኋላ ግን በማጭድ፣ በእጅ፣ በማሽን፣ ሕዝብ ወጥቶ ነቅሎ ነቅሎ ያላለቀ ጉድ ሆነ። ከሰው ቤት የወጣ ነገር ሐይቅ ውስጥ አይጣልም። አለቀ።

መምህር ከማርቆስ
ሚያዝያ 9፣ ማታ 3፡40

ጀልባ ነጂው ልክ ነው። ቢሞት ብቻውን ነው የሚሞተው፣ በሽታ ይዞ ከሆነ ግን የጣናን እንቁራሪቶች ይዞ ይሄዳል። እንቁራሪት የሚፈጅ የቆዳ ፈንገስ በዓለም ላይ የተዛመተው በከፊል በእንዲህ ያለ የእንስሳት ዝውውር ነው። የገንዳውን ውኃ እንኳ ሐይቅ ዳር አታፍስሺው፣ መጸዳጃ ውስጥ ድፊው።

አሳዛኙ ነገር፣ አገሩ ላይ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ሶቺሚልኮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲቆጠር በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 6000 ገደማ ነበር። በ2014 ወደ 36 ወረደ። ውኃው ቆሸሸ፣ ከውጭ አምጥተው የለቀቋቸው ዓሦች ደግሞ እንቁላሉንና ጫጩቱን በሉት። ከሰው ቤት የወጣ ማለት ይኸው ነው። ሜክሲኮዎች አሁን 50 ፔሶ ብር ላይ ሥዕሉን አትመውታል። ብር ላይ መውጣት እንደ መዳን ቢቆጠር ጥሩ ነበር።

የጣና ዳሯ
ሚያዝያ 10፣ ከቀኑ 9፡30

ሌሊቱን ውኃው 21 ሆኖ አደረ። ደስ ብሎኝ ሥራ ሄድኩ። አሁን ስመለስ 25! በረዶው የት ገባ?

አባቴ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ «ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል» የሚል አነበብኩ ስለው፣ «ይህ ፍሪጅ የሚበላ ነገር ነው የሚቀመጥበት፣ ወይ ይበላ ወይ ይውጣ» ብሎ ፈረደ።

መምህር ከማርቆስ
ሚያዝያ 10፣ ማታ 1፡15

አባትሽን አክብሪ። ፍሪጁ ለታመመ እንስሳ በጭንቅ ቀን የሚደረግ ነው፣ በክዳን ዕቃ፣ ውኃው በየቀኑ እየተቀየረ። መብራት በሚጠፋበት ቤት ግን ሙቀቱ ይወጣል ይወርዳል፣ ከመዳኑ ጉዳቱ ይበልጣል።

«በረዶው የት ገባ» ላልሽው ሒሳቡን ልንገርሽ፣ የፊዚክስ ጓደኛዬን ጠርቼ አብረን ነው የሠራነው። አንድ ሊትር በረዶ ቀልጦ 100 ሊትር ውኃን አንድ ዲግሪ ገደማ ያወርዳል። በቃ። አንድ ሊትር ውኃ ወደ አየር ሲተን ግን ከዚያው 100 ሊትር ላይ ከ5 ዲግሪ በላይ የሚሆን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ማለትም ትነት በረዶን አምስት እጥፍ ይበልጠዋል። ትነት ደግሞ የሚፈልገው ደረቅ አየርና ነፋስ ነው። በሚያዝያ ባሕር ዳር ደረቅ አየር ሞልቷል፣ ነፋሱን ደግሞ ቬንትሌተር ይሰጥሻል።

ስለዚህ የገንዳውን ክዳን አንሺ። ትንሽ ቬንትሌተር ውኃው ፊት ላይ አግድም እንዲነፍስ አድርጊ፣ ወደ ታች ሳይሆን አግድም። ገንዳው ዙሪያ እርጥብ ነጠላ ጠቅልዪ፣ ጫፉን ውኃ ያለበት ሳህን ውስጥ ንከሪው፣ እየመጠጠ ይረጥባል። በቀን አንድ ሁለት ሊትር ሊጎድል ይችላል፣ አትደንግጪ፣ የጎደለውን ነው የምትፈልጊው። መሙያው በባልዲ አፉ ተከፍቶ አንድ ቀን ያደረ ውኃ ይሁን፣ ክሎሪኑ ይወጣለታል።

ቀበሌ 14
ሚያዝያ 10፣ ማታ 1፡28

ክዳን አንስታ ዘልሎ ቢወጣስ? አጎበር ቆርጠሽ ሸፍኚው።

ዓሣ በቤቴ
ሚያዝያ 10፣ ማታ 1፡33

አጎበር አይሆንም!! እኔ ወርቃማ ዓሣ አሳድጌ ነበር፣ በዚሁ ነው ያለቁብኝ። የሚታደለው አጎበር ለወባ ትንኝ ተብሎ መድኃኒት የተነከረ ነው። ውኃ ውስጥ ላለ ፍጥረት መርዝ ነው። ያልተነከረ የቲማቲም መረብ ወይም አዲስ ወንፊት ይሻላል። እግረ መንገዴን፦ ክፍሉ ውስጥ የትንኝ ፍሊት እንዳትነፉ። ቬንትሌተሩ ቀጥታ ወደ ውኃው ነው የሚያስገባው። እኔ ስድስቱን ዓሣ ጠዋት ተገልብጠው ነው ያገኘኋቸው፣ እስካሁን ባለቤቴን «አንቺ ነሽ» «አንተ ነህ» እንባባላለን።

የጣና ዳሯ
ሚያዝያ 10፣ ማታ 1፡50

ኧረ ትናንት ማታ ነፍተናል! ገንዳው ሳሎን ነው፣ እኛ መኝታ ቤት ነው የነፋነው። ከዛሬ ጀምሮ ቁሟል። እናቴ «ለእሱ ብለን ወባ ይያዘን?» ብላለች። የኛው አጎበር የት ሄደ አልኳት።

ደጀን በረንዳ
ሚያዝያ 10፣ ማታ 2፡20

መብራት ሲጠፋስ ምን ታደርግ? መምህር ያለው ሁሉ መብራት ካለ ነው። እኛ ደጀን ነን፣ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ ከታች የሚወጣውን ሙቀት እናውቀዋለን። አያቴ ከበረሃ ሲመለሱ የሚጠጡት ውኃ ከፍሪጅ አልነበረም፣ ከማድጋ ነው። ሸክላው ያልበዋል፣ ያ ላብ ነው ውኃውን የሚያቀዘቅዘው። ቬንትሌተር አይፈልግም፣ ጥላና ነፋስ ይበቃዋል። እኔ ብሆን ትልቅ አፈ ሰፊ ሸክላ ገዝቼ እሱ ውስጥ ነበር የማኖረው።

እትዬ ሸክላ
ሚያዝያ 10፣ ማታ 3፡02

ልጆቼ፣ እኔ የምሠራው ሸክላ ነውና ልናገር። የልጁ ሐሳብ ልክ ነው፣ ግን ገበያ የሚገኝ ሸክላ ሁሉ አይሆንም። የጠላ እንስራ በወይራ የታጠነ ነው፣ በግራዋ የታጠበ ነው፣ ጭሱ ከሸክላው አይወጣም፣ እኛም እንዲወጣ አንፈልግም። አንዳንዱን ደግሞ እንዳያፈስ በኑግ ያሹታል። የታሸ ሸክላ አያልብም፣ ካላላበ አያቀዘቅዝም። ያልታጠነ፣ ያልታሸ፣ ገና ከእሳት የወጣ ግዢ። ሦስት አራት ቀን ውኃ ሞልተሽ እየደፋሽ አጥቢው።

እኔ ግን እንስሳውን በቀጥታ ሸክላ ውስጥ አላስገባም። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ታሞ እንደሆነ አታዪውም። ትልቅ ጋን ወስደሽ ሥሩ አሸዋ አድርጊ፣ የሱን ሳፋ መሐል አስቀምጪ፣ ዙሪያውን አሸዋ ሙዪ፣ አሸዋውን ጠዋት ማታ ውኃ አጠጪው። ሳፋው ውስጥ ያለው ውኃ ይቀዘቅዛል። ቅቤና አይብ እንዲህ አድርገን አቆይተናል።

መምህር ከማርቆስ
ሚያዝያ 10፣ ማታ 3፡15

እትዬ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ከእኔ ሒሳብ የእርስዎ ጋን ይበልጣል። እንዲያውም ለጎፈሬ ጨለማው ጥሩ ነው፣ ዐይኑ ቆብ የለውም፣ ብርሃን አይወድም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ደጀን በረንዳ ያነሣው የመብራት ጉዳይ ከሙቀት በላይ አየርም ነው። ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ባሕር ወለል ላይ 18 ዲግሪ ያለ ውኃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ተኩል ያህል ይይዛል፣ 26 ሲገባ 8 ይሆናል። እኛ ግን ባሕር ወለል ላይ አይደለንም። 1800 ሜትር ላይ አየሩ ራሱ በአምስተኛ እጅ ስስ ነው፣ ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ ያ 8 ወደ 6 ተኩል ይወርዳል። የውጭ አገር ሰዎች የሚጽፉትን ምክር ብቻ ብትከተዪ ይህን አይነግሩሽም፣ እነሱ ባሕር ዳርቻ ናቸው። አየር ነፊ ፓምፕ ካለሽ ሞቃት ቀን ላይ አታጥፊው፣ አረፋው ዝግ ያለ ይሁን፣ ኃይለኛ ፍሰት ያስጨንቀዋል። መብራት ከጠፋ በጣሳ ውኃ እየቀዳሽ ከአንድ ክንድ ከፍታ መልሰሽ አፍስሺበት። አሥር ደቂቃ። ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ዓሣ በቤቴ
ሚያዝያ 10፣ ማታ 3፡24

በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽዬ ቬንትሌተርም አለ፣ ሞባይል ቤት ይሸጣል። ሌሊቱን ይዘልቃል።

የጣና ዳሯ
ሚያዝያ 12፣ ከሰዓት 9፡45

ሪፖርት! ገንዳውን ከቡፌው አውርጄ የአያቴ ጓዳ ወለል ላይ አደረግኩት። ጓዳው የጭቃ ግድግዳ ነው፣ ቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ አለው። ይህ ብቻውን 2 ዲግሪ ቀነሰልኝ፣ ምንም ሳላደርግ። ቬንትሌተርና ነጠላ ስጨምር አሁን፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ በዚህ ፀሐይ፣ 21 ነው! ጠዋት 18 ተኩል ነበር።

ግን ገና አልበላም። ስንጥቡ ላይ ደግሞ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር አየሁ። ትንሽ ናት። አያቴ «አሞሌ ጨው አሟሚለት» ብላለች።

መምህር ከማርቆስ
ሚያዝያ 12፣ ማታ 1፡05

ፈንገስ ነው፣ በሙቀት የተዳከመ ላይ ይወጣል። የጨው መታጠቢያ የሚባል ነገር አለ፣ ግን አዮዲን የሌለው ንጹሕ ጨው ነው የሚፈልገው። የቤታችን ጨው አዮዲን የገባበት ነው፣ አሞሌ ደግሞ ከጨው ሌላ ምን ምን እንዳለበት ስለማይታወቅ ቆዳው ላይ አልደፍርም። ትንሽ ከሆነች ለጊዜው በጨው አትንኪው። በየቀኑ ከገንዳው አምስተኛውን እጅ ቀይሪ፣ የሚጨመረው ከገንዳው ጋር እኩል የቀዘቀዘ ይሁን። ሥሩ የቀረ ትል፣ የወደቀ ኩስ ካለ አውጪ፣ በሙቀት ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያ ደግሞ ውኃው በሞቀ ቁጥር መርዝነቱ ይብሳል። ጥጡ ከሰፋ ወይ ቀይ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም አሳዪው። ሐኪሙ አክሶሎትል አይቶ ባያውቅም ፈንገስ ያውቃል።

ያልበላው ስለታመመ ብቻ አይደለም፣ ቆይቶ ሲበርደው ይርበዋል። ትልቅ አክሶሎትል አንድ ሳምንት ቢጾም አይሞትም። የኛ ሰው 55 ቀን ጾሞ የለ።

ቀበሌ 14
ሚያዝያ 12፣ ማታ 1፡11

ትል ከየት ነው የምታመጪው ግን? ለዓሣ ማጥመጃ የሚሸጡት ሐይቅ ዳር አሉ።

ጀልባ ነጂው
ሚያዝያ 12፣ ማታ 1፡30

ከእኛ አትግዙ። ማለቴ ግዙ፣ ግን ማሳ ዳር የተቆፈረ ትል ማዳበሪያና ፀረ አረም የነካው ነው። የኛ ልጆች ከየትም ነው የሚቆፍሩት። ከራስሽ ጓሮ፣ ምንም ካልተረጨበት ከሙዝ ሥር ቆፍሪ። አንድ ቀን እርጥብ ሣር ውስጥ አሳድሪው፣ አፈሩን ከሆዱ ያወጣል።

የጣና ዳሯ
ሚያዝያ 17፣ ማታ 2፡40

በላ!!!

ሦስት ቀን ውኃው ከ21 አልዘለለም። ጥጡ ጠፋ። ዛሬ ከሙዝ ሥር ያወጣኋትን ትል አፍንጫው ሥር ሳንጠለጥላት ዝም ብሎ አያት አያትና አንዴ ብቻ አፉን ከፈተ። ዋጥ! ስንጥቡም ወደ ኋላ ተመልሶ ተበትኗል፣ ጎፈሬ እንደገና ጎፈሬ ሆኗል። አባቴ ራሱ ጓዳ ገብቶ አይቶት ወጣ፣ «ይህ ነገር ይስቃል እንዴ?» አለ። አፉ እንደዚያ ነው አልኩት።

ትናንት መብራት ከቀኑ 6 እስከ 12 ሰዓት ጠፋ። እትዬ እንዳሉት ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ያልታጠነ ጋን ገዝቼ ነበር፣ አሸዋውን አጠጥቼ ሳፋውን መሐል አስቀመጥኩ። ሳፋው ትንሽ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው የምጠቀምበት። ስድስት ሰዓት ሙሉ ከ21 አላለፈም። አያቴ አጠገቡ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ በጣሳ ስታፈስለት ነው የዋለችው። «እኔን ማን እንዲህ አራገበኝ» እያለች።

ወንድሜ ደውሎ «አሁን ሰፊ ቤት ተከራይቻለሁ፣ ልውሰደው?» አለኝ። የት እንዳለ ጠየቅኩት። መተማ ነው የተመደበው።

መምህር ከማርቆስ
ሚያዝያ 17፣ ማታ 2：52

መተማ!! በፍጹም። እዚያ በሚያዝያ 40 ዲግሪ ነው። ጓዳው ይሻለዋል።

እንጅባራ ነኝ
ሚያዝያ 17፣ ማታ 2፡55

የእኔ ሐሳብ አሁንም ጠረጴዛ ላይ ነው።

አዴቴው
ሚያዝያ 17፣ ማታ 3፡10

በበረዶው ይቅርታ እህቴ። ጋኑን ስንት ገዛሽው?